«ድሬ ዘር የላትም» ብለን ልጆቻችንን ባዶ እጃቸውን አንላካቸው

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፦

በድሬዳዋ ስለ ዘር ወሬ ሲነሳ ከብዙ ሰው አፍ የምትወጣ አንዲት ዐረፍተ ነገር አለች፤ «አቦ ተወን፣ ድሬ ዘር የላትም!» የምትል። እንወዳታለን፤ መሠረትም አላት። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ ከደረሰ ጀምሮ ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ ሐረሪውና አርጎባው፣ ከባሕር ማዶም ዐረቡ፣ ግሪኩ፣ አርመኑና ሕንዱ በከዚራና በመጋላ ሰፈሮች ተጎራብተው ኖረዋል። ዛሬም ብዙ የድሬ ልጅ በአንዱ ቋንቋ ተጣልቶ በሌላው ይታረቅና በሦስተኛው ኳስ ይጠይቃል።

ይህች ዐረፍተ ነገር ግን እንግዳ ለመቀበል እንጂ ልጅ ለማሳደግ አትበቃም። ይህን ደብዳቤ የጻፍነው በትምህርት ቤቶች የሥነ ልቦና ምክር የምንሰጥ ባለሙያዎች ነን። ወላጆች ስለ ዘር በቤታቸው ምን እንደሚሉ፣ ምን እንደማይሉ፣ ሳያስቡት ምን እያስተማሩ እንደሆነ ማንሳት እንፈልጋለን። ዘር ስንል በሌላው ዓለም የቆዳ ቀለም የሚባለውንም፣ እኛ ጋ ብሔር፣ ጎሳና ቋንቋ የሚባለውንም ይጨምራል። ልጅ ላይ የሚሠሩት ሥራ ተቀራራቢ ነው።

የ6 ዓመት ልጅ ከሰፈር ተመልሶ «አባ፣ እኛ ምንድን ነን?» ይላል። አባት «ሰው ነን፤ ሂድና እጅህን ታጠብ» ብሎ ይመልሳል። መልሱ ክፉ አይደለም፤ ልጁ የጠየቀው ግን ሌላ ነው። ውጭ አንድ ሰው «አንተ እኮ እንትን ነህ» ብሎታል፤ እንትን መሆን ጥሩ ይሁን መጥፎ ማወቅ ፈልጓል። ቤት ካልነገሩት፣ ወሬውን የጀመረለት ሰው ይጨርስለታል። ሦስት አራት ጊዜ እንዲህ ከተመለሰ በኋላ መጠየቁን ያቆማል። ወላጅ «ልጄ ስለ ዘር የሚያውቀው ነገር የለም» ብሎ የሚኮራውም ብዙ ጊዜ ከዚህ በኋላ ነው። ልጁ የተማረው ይህ ነገር በቤቱ የማይነሳ፣ ስለዚህም የሚያሳፍር ጉዳይ መሆኑን ነው።

ልጆች ልዩነትን የሚያዩት እኛ ስለነገርናቸው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ አንድ ጥናት የ3 ወር ሕፃናትን በሦስት ወገን አስተያይቷል፤ እስራኤል ውስጥ ያሉ ነጭ ሕፃናትን፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ያሉ ኢትዮጵያውያን ሕፃናትን እና ወደ እስራኤል የገቡ የኢትዮጵያውያን ቤተሰቦችን ሕፃናት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የየራሳቸውን ወገን የሚመስለውን ፊት አስረዝመው አዩ። ሦስተኞቹ ግን በየቀኑ ሁለቱንም ዓይነት ፊት ስለሚያዩ ለማንም አላዳሉም። የድሬዳዋና የሐረር ልጅ ከአራስነቱ ጀምሮ በጎረቤት ሁሉ እቅፍ ማደጉ እንግዲህ ትልቅ ሀብት ነው። ችግሩ ዐይን ለምዶ ያቀናውን ጆሮ ቆይቶ ሊያጣምመው መቻሉ ነው።

ጆሮ የሚሠራውን ጉዳት ለማየት ወደ አሜሪካ መሄድ ያስፈልጋል፤ ነገሩ በብዛት የተጠናው እዚያ ነውና። ኬኔትና ማሚ ክላርክ የተባሉ ባልና ሚስት የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ከ3 እስከ 7 ዓመት ለሆናቸው 253 ጥቁር ልጆች ጥቁርና ነጭ አሻንጉሊቶችን አቀረቡ። ከሦስቱ ልጆች ሁለቱ ያህል መጫወት የፈለጉት በነጩ ነበር፤ ከግማሽ በላዩም «መጥፎ የሚመስለው የትኛው ነው?» ሲባሉ ጥቁሩን አነሱ። ይህ ማስረጃ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1954 ትምህርት ቤቶችን በዘር መለየት ሕገ ወጥ ነው ሲል ከተመለከታቸው ማስረጃዎች አንዱ ሆነ። እነዚያን ልጆች «ጥቁር መጥፎ ነው» ብሎ ያስተማራቸው ወላጅ ነበር ማለት አይደለም። አካባቢያቸው ያስተማራቸውን የሚያፈርስ ድምፅ ግን በበቂ መጠን አልሰሙም።

ከዚያ ወዲህ የወላጆች ንግግር ራሱ ተጠንቷል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ዳያን ሂዩዝና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2006 የዓመታት ጥናቶችን አሰባስበው የቤተሰብን ንግግር በአራት ከፍለውታል። አንደኛው ባህልን፣ ታሪክንና ኩራትን ማስረከብ ነው። ሁለተኛው ልጅን ሊገጥመው ለሚችል አድልዎ ማዘጋጀት፣ ሦስተኛው በሌሎች ላይ ጥርጣሬን መዝራት፣ አራተኛው ደግሞ «ሁላችንም እኩል ነን» ብቻ ብሎ ማለፍ ወይም ጭራሹን ዝም ማለት። ጥናቶቹ ይበልጥ የሚስማሙት በመጀመሪያው ላይ ነው፤ ስለ ወገኑ ታሪክና ባህል በፍቅር የተነገረው ልጅ ለራሱ ያለው ግምት ከፍ ይላል፣ የድባቴ ምልክቶችም ይቀንሱለታል። ጥርጣሬ የተዘራበት ልጅ ቁጡ፣ ስጉና ከትምህርቱ የራቀ ሊሆን ይችላል። ማዘጋጀት የሚባለው ግን እንደ መጠኑና እንደ አነጋገሩ ይለያያል፤ ያለ ኩራት ብቻውን ሲሰጥ ልጁን በየማዕዘኑ ጠላት ፈላጊ ሊያደርገው ይችላል።

ወላጆችን በብዛት የሚያምታታቸው ልጅን በማዘጋጀትና ጥርጣሬን በመዝራት መካከል ያለው ልዩነት ነው። «እንዲህ ያሉ ሰዎች አሉ፤ ካጋጠሙህ እንዲህ አድርግ» ማለት ማዘጋጀት ነው። «እነሱ እንዲህ ናቸው፤ አትመናቸው» ማለት መርዝ ነው። የመጀመሪያው ስለ አንድ ድርጊት ይናገራል፣ መፍትሔም አለው። ሁለተኛው ስለ ሕዝብ ይናገራል፤ ልጁ ሊያደርገው የሚችለው ነገር ስለሌለ ፍርሃቱን ብቻ ተሸክሞ ይሄዳል። አሜሪካ ውስጥ ያሉ ጥቁር ወላጆች ልጃቸው መኪና መንዳት ሲጀምር የሚሰጡት ምክር ለማዘጋጀት ጥሩ ምሳሌ ነው፦ ፖሊስ ካስቆመህ ሁለት እጆችህ መሪው ላይ ይታዩ፤ ወረቀት ለማውጣት እጅህን ከመላክህ በፊት ተናገር፤ አትከራከር፤ ቅሬታ ካለህ በኋላ እናቀርባለን። በዚህ ምክር ውስጥ ስለ ነጮች ተፈጥሮ አንዲት ቃል የለችም።

እኛ ጋ ጥርጣሬው የሚዘራው ልጅን ፊት ለፊት አስቀምጦ አይደለም። ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ ነው። ምርቃናው ሲሞቅ ፖለቲካው ይሞቃል፤ ውሃና ለስላሳ የሚያቀብለው የ10 ዓመት ልጅ በሩ ሥር ተቀምጦ ሁሉንም ይሰማል። ወይም እናት ማታ ስልኳን በስፒከር ከፍታ የቲክቶክ ስድድብ ታዳምጣለች። ወይም አባት ከመሥሪያ ቤት ተናዶ ይገባና እራት ላይ ስለ ኮታ ያማርራል። ይህ የመጨረሻው በተለይ መታወቅ አለበት። ሂዩዝ ቀደም ሲል በሠራችው ሌላ ጥናት በሥራ ቦታው በዘሩ ተገፋሁ የሚል ወላጅ ለልጁ ስለ አድልዎ አብዝቶ እንደሚናገር ታይቷል። በከተማችን 40፣ 40፣ 20 እየተባለ የሚታወቀው ለኦሮሞ፣ ለሶማሌና ለሌሎች የተደረገ የሥልጣን ድልድል አለ። ደግፎትም ተቃውሞትም የማይነጋገርበት ቤት ጥቂት ነው። ክርክሩ የአዋቂዎች መብት ነው፤ ልጅ እየሰማ ግን «የእገሌ አባት እንጀራችንን በላ» ከተባለ ነገ ጠዋት ከእገሌ ልጅ ጋር አንድ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ያ ልጅ ነው። ቢያንስ ይህን ይጨምሩበት፦ «ይህ አሠራር ነው፤ ባለሥልጣናት የተስማሙበት ነው። የጎረቤታችን አባት አልጻፈውም።» አሥር ሴኮንድ አይፈጅም።

በቀልድ የሚነገረውም ያው ነው። «ዘር ከልጓም ይስባል» የሚለው ተረት ልጅ ሲያጠፋም ሲያለማም ይወረወራል፤ የ8 ዓመት ልጅ ግን ተረቱን እንደ ተፈጥሮ ሕግ ሊወስደው ይችላል። አጎቱ የጎረቤትን አነጋገር አስመስሎ ሲያስቅ የሚስቅ ልጅም ሳቁን ትምህርት ቤት ይወስደዋል።

እዚህ ላይ «ታዲያ ስለ ዘር ማውራቱ ራሱ አይደለም ወይ ልዩነቱን የሚፈጥረው?» የሚል ተገቢ ተቃውሞ ይነሳል። በከፊል እውነት ነው፤ የቱ ክፍል እውነት እንደሆነ ደግሞ ተፈትኗል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሬቤካ ቢግለርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት ልጆችን ሰማያዊና ቢጫ ካናቴራ አለበሱ። በአንዳንድ ክፍሎች መምህራን በካናቴራው ቀለም ወንበር ደለደሉ፣ ሥራ ከፋፈሉ፣ «ሰማያዊዎች ተሰለፉ» አሉ፤ በሌሎቹ ክፍሎች ቀለሙን ጉዳዬ አላሉም። ለራሳቸው ቡድን ማድላት የታየው መምህራኑ ቀለሙን ለሥራ በተጠቀሙበት ክፍል ነው። መምህራኑ ስለ አንዱ ቀለም ክፉ አልተናገሩም፤ መደልደያ ማድረጋቸው ብቻ በቃ።

ይህን በድሬዳዋ ትምህርት ቤቶች ላይ አስቀምጡት። ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ ልጆች በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ይማራሉ። በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማር ለንባብም ለሒሳብም ይጠቅማል፤ እሱን አንቃወምም። ነገር ግን በአንድ ግቢ ውስጥ ክፍሎቹ በቋንቋ ሲለዩ፣ ሰልፉም በዚያው ሲሆን፣ የእረፍት ኳስም «የኦሮምኛ ክፍል ከአማርኛ ክፍል» ሲባል የካናቴራው ነገር ይደገማል። ለትምህርት ቤቶች የምንለው ቀላል ነው፦ ቋንቋው ለመማሪያ ክፍሉ ብቻ ይሁን። የኳስ ቡድኑን፣ የሚኒ ሚዲያውን፣ የጽዳት ተራውን በትውልድ ወር ወይም በዕጣ ይደልድሉት። በዕጣ የተደለደለ ቡድን በመጀመሪያው ሳምንት ይጨቃጨቃል፣ አንዳንዱም «ከእነሱ ጋር አልጫወትም» ብሎ ይወጣል፤ በሁለተኛው ሳምንት የሚፈርስ ስለሚመስል ብዙ ርእሰ መምህራን ይተዉታል። ቢያንስ አንድ መንፈቀ ዓመት ይቆይ። በየሳምንቱ የሚቀያየር ቡድንም አይሠራም፤ ልጆች አብረው ለመሸነፍና አብረው ለማሸነፍ ጊዜ ያስፈልጋቸዋል።

ወላጅ ደግሞ ልጁን አንደኛ ክፍል ሲያስመዘግብ የቋንቋ ምርጫውን ለልጁ ያስረዳው። «በኦሮምኛ የምትማረው አያትሽ የምትናገረው ስለሆነና ማንበብ ቶሎ ስለሚገባሽ ነው፤ ጎረቤታችን በሶማልኛ የምትማረውም ለዚሁ ነው።» የልጅቱም የጎረቤቷም ምክንያት በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ መሆኑ ዋናው ነገር ነው።

በዕድሜ ስንሄድ፣ ከ3 እስከ 6 ዓመት ያለ ልጅ የሚፈልገው አጭርና ያልተደናገጠ መልስ ነው። ታክሲ ውስጥ ጮክ ብሎ «ያቺ ሴትዮ ለምን በጣም ጠቆረች?» ካለ አፉን አይያዙት፤ የተያዘ አፍ ያፈረ ልጅ ነው። «ሰው ብዙ ዓይነት ቀለም አለው፤ የእሷ ያምራል፣ ያንተም ያምራል» ብሎ ማለፍ በቂ ነው። «እኛ ምንድን ነን?» ሲል ደግሞ በስም ይመለስለት፦ «የአባትህ ቤተሰቦች ጉራጌ ናቸው፣ የእናትህ ኦሮሞ፤ ጎረቤቶቻችን ሶማሌ ናቸው። ማን ነው የጠየቀህ?» የመጨረሻዋ ጥያቄ አትረሳ፤ ነገሩ የት እንደተጀመረ የምትነግረን እሷ ናት።

ከ7 እስከ 11 ያለው ጊዜ ኩራት የሚተከልበት ነው። ይህ ዕድሜ ትረካ ይወዳል። የሶማሌ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን አብቲርሲ፣ የአባት የአያት ስም እስከ ሩቅ ድረስ በቃል ያስጠናሉ፤ ሌላውም ሰባት ቤት ይቆጥራል። ስም ብቻ መቁጠር ግን አይበቃም። ከእያንዳንዱ ስም ጋር አንድ ሥራ ይያያዝ፦ ይህ አያት ምድር ባቡር ውስጥ ምን ይሠራ ነበር፣ ይቺ አያት መጋላ ምን ትሸጥ ነበር፣ ያኛው ከየት በእግሩ መጣ። ሐረር ያለ ቤተሰብ በጌይ ጋር፣ በሐረሪው ባህላዊ ቤት፣ ነደባ በሚባለው መደብ ላይ ማን የት እንደሚቀመጥና ለምን እንደሆነ ልጁን እዚያው አስቀምጦ ማሳየት ይችላል፤ አፎቻ ወደሚባለው የሐረሪ መረዳጃ ማኅበርም ይዞት መሄድ ይችላል። አንድ ጥንቃቄ አለ። የራስን ታሪክ በሌላው ውርደት ማስጌጥ የለመደብን ነገር ነው። «አያትህ ጀግና ነበር» ከተባለ በኋላ «እነሱን እንዲህ አድርጎ» የሚል ከተከተለ ኩራቱ ወደ ጥርጣሬ ተገልብጧል።

ከ12 በኋላ ልጁ ራሱ መርማሪ ይሆናል። ጄን ፊኒ የተባለች ተመራማሪ የወጣቶች የማንነት ጉዞ በሦስት ደረጃ እንደሚያልፍ ገልጻለች፤ ያልተመረመረ ማንነት፣ ፍለጋ፣ ከዚያም ተረጋግቶ መቀበል። ፍለጋው ላይ ያለ ወጣት ወላጅን ያስደነግጣል። ድንገት የማይናገረውን የአያቱን ቋንቋ መማር ይጀምራል፣ ወይም የሩቅ አክቲቪስት ተከታይ ይሆናል፣ ወይም «እኔ የማንም አይደለሁም» ይላል። በዚህ ጊዜ ማሾፍም ማገድም አይጠቅምም። የሚጠቅመው ከአንድ ምንጭ በላይ እንዲኖረው ማድረግ ነው፤ ያን ዘመን በዐይናቸው ያዩ ሁለት የተለያዩ ወገን ሽማግሌዎች ዘንድ ሄዶ አንድ ዓይነት ጥያቄ እንዲጠይቅ ማበረታታት። ሁለቱ የተለያየ ሲነግሩት ብዙ ይማራል። በ2011 ዓ.ም. ጥምቀት ሰሞን ከተማችን ስትታመስ የ7 ዓመት ልጅ የነበረው ዛሬ በዚህ ዕድሜ ውስጥ ነው፤ ያኔ የሰማውን ጩኸት ቁጭ ብሎ ያስረዳው ሰው ካለ ጥቂት ነው። አሁን ቢጠየቅ የሚናገረው አለው።

ልጁ ተሰድቦ ሲመጣ የሚደረገው ነገር በቅደም ተከተል ቢሆን ይሻላል። መጀመሪያ ውሃ ይጠጣ፣ ይቀመጥ። ከዚያ የተባለውን በራሱ አፍ እንዲደግመው ይጠየቅ፤ ስድቡን ወላጅ ቀድሞ ከጠራው ልጁ ይዘጋል። ቀጥሎ ስሜቱን ስም ይስጠው፣ ተናደደ ወይ፣ አፈረ ወይ፣ ፈራ ወይ፤ ወንዶች ልጆች ሁሉን «ተናደድኩ» ስለሚሉ ትንሽ መጠበቅ ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ ነው «የተባለው ውሸት ነው፤ ጥፋቱም የተናጋሪው እንጂ ያንተ አይደለም» የሚባለው። በመጨረሻ ነገ ምን እንደሚል አብረው ይለማመዱ፤ ከአሥር ቃል ያልበለጠ፣ ስድብ የሌለበት፦ «እንዲህ አትበለኝ። ስሜን ታውቃለህ።» ሁለት ሦስት ጊዜ ጮክ ብሎ ይበለው። ይህ ሁሉ ከ10 ደቂቃ አይበልጥም፤ ከበለጠ ስብከት ሆኗል። ጎን ለጎን እየሄዱ ወይም ቡና እየተቆላ ቢሆን ፊት ለፊት ተፋጥጦ ከመቀመጥ የተሻለ ይወጣል።

የሚያበላሹት ነገሮች ሁሌም ተመሳሳይ ናቸው። «አንተም መልሰህ እንዲህ አትለውም?» ብሎ የመልስ ስድብ ማስታጠቅ። እዚያው ስልክ አንስቶ በሌላው ልጅ ወላጅ ላይ መጮህ፤ ልጁ ከዚያ ወዲህ ምንም አይነግራችሁም። «ከዛሬ ጀምሮ ከእሱ ጋር እንዳላይህ» ማለት። «ቀልድ ነው፣ አትጨቅጭቅ» ማለትም አለ፤ ከሁሉ በላይ ልጅን ብቻውን የሚያስቀረው ይሄ ነው። ስድቡ ከተደጋገመ፣ ወይም የተናገረው መምህር ከሆነ፣ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የተባለውንና እዚያ የነበረውን ሰው ጽፎ ለርእሰ መምህሩ ማቅረብ ይገባል። በቃል የቀረበ አቤቱታ በቃል ይጠፋል።

ተሳዳቢው የራስ ልጅ ሲሆንስ? ብዙ ቤት ሁለት ነገር ያደርጋል፤ ይመታል፣ ወይም «የኔ ልጅ እንዲህ አይልም» ይላል። ሁለቱም ቃሉን አያጠፉትም። «ይህን ቃል ከማን ሰማኸው?» ተብሎ ይጠየቅ። መልሱ «ከአንተ» ሊሆን ስለሚችል ጠያቂው ይዘጋጅ። ከሆነም እዚያው «ያን ማለት አልነበረብኝም» ማለት ከሦስት ሰዓት ምክር ይበልጣል። ይቅርታው የተሰደበው ልጅ ዘንድ ሄዶ፣ ወላጅ አጠገቡ ቆሞ፣ ባጭሩ ይሁን።

ከሁለት ወይም ከሦስት ወገን የተወለዱ ልጆች በድሬና በሐረር ብዙ ናቸው፤ የሚገጥማቸው ፈተና ግን ምረጥ መባል ነው። የቀበሌ መታወቂያ ለዓመታት ብሔር ሲጽፍ ኖሯል፣ አንድ መስመር ብቻ ሰጥቶ። የፋይዳ መታወቂያ ይህን አለመጠየቁ ለእነዚህ ልጆች ትንሽ እፎይታ ነው። ቅጽ የሚሞላ ወላጅ የሞላውን ለልጁ ይንገረው፦ «ወረቀቱ አንድ ስለሚጠይቅ የአባትህን ጻፍን፤ የእናትህን የሚያጠፋ ወረቀት ግን የለም።» ሁለቱ ወላጆች ሲጣሉ አንዱ የሌላውን ዘር አንስቶ መናገሩ ደግሞ ከምንም በላይ የሚጎዳው ቃል ነው፤ ልጁ የራሱ ግማሽ ሲሰደብ ይሰማል። ባልና ሚስት በሌላው ሁሉ ይጣሉ፣ ይህን ግን ልጅ ሳይወለድ ጀምረው ይከልክሉት።

ስለ ቀለም በአጭሩ። በአንድ ቤት ውስጥ «ቀዩ ልጄ» እና «ይቺ ጥቁሯ» እየተባሉ የሚያድጉ እህትማማቾችና ወንድማማቾች አሉ። ቁልምጫ ነው ይባላል፤ የተቆላመጠው ግን አንዱ ብቻ ነው። ጎረምሳ ሲሆኑ ማንጫ ቅባት የሚገዛው ሌላኛው ነው፤ ከቅባቶቹ አንዳንዶቹ ኃይለኛ ኮርቲዞን አለባቸው፣ ቆዳ ያሳሳሉ፣ ሲቋረጡም ፊት ይብሳል። ባሪያ፣ ቡዳ፣ ቀጥቃጭ የሚሉ ቃላት በቤት ውስጥ በቀልድም እንዳይሰሙ። ይህን ያህል ካልን ይበቃል።

ውጭ አገር ዘመድ ያላቸው ቤተሰቦች ግን ትንሽ ይታገሱን። ከድሬና ከሐረር የሄዱ ወገኖች ልጆች ሚኒሶታ፣ ቶሮንቶ፣ ዋሽንግተን ተወልደው ያድጋሉ፤ እዚያ መንገድ ላይ ሐበሻ፣ ኦሮሞ ወይም ሶማሌ ብሎ የሚለያቸው የለም፣ ጥቁር ናቸው። ከዚህ በቪዲዮ የሚደውሉ አያት «ከጥቁሮች ጋር አትዋል» ሲሉ ልጁ የሚሰማው «ካንተ ጋር አትዋል» ነው። ያ ልጅ በአገሩ ሲሰደብ ወደ ቤቱ አይመለስም፤ ቤቱም የሰደበው ይመስለዋል። አያቶች ከሩቅ ሆነው ሊሰጡ የሚችሉት ትልቁ ነገር ታሪክና ቋንቋ ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ 15 ደቂቃ፣ አንድ ተረት። ማስጠንቀቂያውን እዚያ ላሉት ወላጆች ይተዉት፤ መንገዱን የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ምደባ የሚጠብቅ ልጅ ያለው ቤተሰብ ደግሞ ሻንጣ ከመግዛቱ በፊት አንድ ምሽት ይህን ይነጋገርበት። የድሬ ልጅ ዶርም ሲገባ «ከየት ነህ?» ይባላል፤ «ከድሬ» ይላል፤ ወዲያው «እሱን አይደለም፣ ዘርህን ነው» ይባላል። በቤቱ ይህ ጥያቄ ተነስቶ የማያውቅ ልጅ እዚህ ላይ ይደነግጣል፣ ከዚያም መጀመሪያ እጁን ከዘረጋለት ቡድን ጋር ይጣበቃል። ስለዚህ ሁለት መልሶች ይዞ ይሂድ። አንዱ ለቅን ጠያቂ፣ ስለ ቤተሰቡ በኩራት የሚናገርበት። ሌላው ለነገር ለሚፈልግ፦ «ስሜ እገሌ ነው፣ የመጣሁት ለመማር ነው» ብሎ የሚቆርጥበት። መንገድ ላይ ፍተሻ ካለ መታወቂያው በእጅ ቅርብ ይሁን፣ የተጠየቀውን ብቻ ይመልስ፣ አይቀልድ፣ አይከራከር፤ ችግር ከገጠመው ሰዓቱንና ቦታውን ይዞ ለቤተሰብ ይደውል። ዶርም ውስጥ ሁከት ሲጀመር ቪዲዮ እየቀረጸ አይቁም። የሚደውልለት አንድ ትልቅ ሰው በተመደበበት ከተማ ቀድሞ ይፈለግለት፤ በድሬ የእድርና የጎረቤት መረብ ያልተገኘ ሰው እምብዛም የለም።

ነገሩ ከቤት ንግግር ያለፈ መሆኑን የሚያሳዩ ምልክቶች አሉ፦ ልጁ እናቱ ትምህርት ቤት በር ላይ በቋንቋዋ ስታናግረው እንዳልሰማ ሲያልፍ፣ ስሙን ካልቀየራችሁልኝ ሲል፣ የቅርብ ጓደኛውን ያለ ጠብ ሲተው፣ እንቅልፍና ምግብ ሲዘጋው፣ ጫት ድንገት ሲያበዛ። ከእነዚህ አንዱ ለአንድ ቀን ቢታይ አያስጨንቅም። ሁለት ሦስቱ ተደርበው ከሁለት ሳምንት ካለፉ ግን የትምህርት ቤቱን አማካሪ ያነጋግሩ፤ ድል ጮራ ሪፈራል ሆስፒታልም የአእምሮ ሕክምና አለ። ራስን ስለመጉዳት የተናገረ ልጅ ሁለት ሳምንት አይጠበቅለትም፣ በዚያው ዕለት ይሂድ፤ እስከዚያም ብቻውን አይተው።

ለጋዜጣችሁም ሁለት ጥያቄ አለን። የወጣቶች ጠብ ስትዘግቡ የተጣሉት በምን እንደሆነ ሳይጣራ የብሔር ስም ርእስ ላይ አታውጡ፤ የካናቴራውን ቀለም የምትጠሩት ያኔ እናንተ ትሆናላችሁ። ሁለተኛው፣ የዩኒቨርሲቲ ምደባ በሚወጣበት ሰሞን ለወላጆች ግማሽ ገጽ ቦታ ስጡን። ጽሑፉን በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ አዘጋጅተን እናቀርባለን፤ ክፍያ አንጠይቅም።

ከአክብሮት ጋር፣
የትምህርት ቤት የሥነ ልቦና አማካሪዎች
ድሬዳዋ